የሰፈራችሁን ጉዳይ ስትጽፉ፦ ከደብተር እስከ ፖስት

ሰው ይናደዳል። ማታ 4 ሰዓት ላይ ስልኩን ያነሳና «ሌቦች» ብሎ ይጀምራል፣ የአንድ ሠራተኛ ስም ይጠራል፣ ሦስት ቃለ አጋኖ ደርድሮ ይለቀዋል። ጠዋት ስልኩ ይጮኻል። ቀትር ሳይሆን ፖስቱ ይነሳል፣ ይቅርታ ይለጠፋል። ቧንቧው ግን እንደደረቀ ነው።

በጎጃም ከተሞች ይሄ ነገር ስለተደጋገመ ነው መመሪያውን የጻፍኩት። መጻፍ መብታችሁ ነው፤ ችግሩ ያለው አካሄዱ ላይ ነው። ከታች ያለው ለሰፈር ጉዳይ ይሠራል፦ ለውሃ፣ ለመንገድ፣ ለጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ ለማዳበሪያ እደላ፣ ለቆሻሻ። እኔ ምሳሌ የማደርገው ውሃ ያቆመ ቦኖ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ነው። ኪስ የሚገባ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ስልክ፣ የወረቀት ማስቀመጫ ክላሰር እና እውነቱን የሚነግራችሁ አንድ ሰው።

ስልካችሁን አስተካክሉ። ለፌስቡክም ለቴሌግራምም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ክፈቱ። የይለፍ ቃሉ የልደት ቀናችሁ ወይም የስልክ ቁጥራችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ቀይሩት። አካውንታችሁ ተሰርቆ በስማችሁ ስድብ ቢለጠፍ፣ «እኔ አይደለሁም» ማለት እንዴት እንደሚያደክም የደረሰበት ያውቀዋል።

በስማችሁ ጻፉ። ለውሃና ለመንገድ የሐሰት ስም አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል፤ ስም የሌለው ጽሑፍ ለኃላፊው «የጠላት ወሬ ነው» ለማለት በር ይከፍትለታል። በስሜ መጻፍ ያስፈራኛል የምትሉት ጉዳይ ከሆነ ደግሞ ብቻችሁን አትጻፉት። የዕድሩ ኮሚቴ ወይም ጎረቤቶቻችሁ አብረው የሚፈርሙበት አቤቱታ አድርጉት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 ላይ አቤቱታ ማቅረብን ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የታጠቀ ኃይል እንቅስቃሴ፣ ካምፕ፣ ኬላ፣ ማን የት አደረ የሚባል ነገር በዚህ መመሪያ አይጻፍም። የማንኛውም ወገን ይሁን። አሁን ባለው የጎጃም ሁኔታ እንዲህ ያለ አንድ መስመር ሰው ያስገድላል። ቦኖው የቆመው በተኩስ ምክንያት ከሆነ «አካባቢው ስላልተረጋጋ» ብላችሁ እለፉት።

ልታውቋቸው የሚገቡ የሕግ ቁጥሮች

በቃላችሁ መያዝ የለባችሁም። የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፏቸው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ መግለጽን ይፈቅዳል። ያው አንቀጽ የሰውን ክብርና መልካም ስም ለመጠበቅ ገደብ ሊደረግ እንደሚችልም ይናገራል፤ ብዙ ሰው እሱን ሳያነብ ነው የሚሮጠው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል።

አዋጅ ቁጥር 590/2000 ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። መልሱ ቢዘገይ በ30 ቀን ውስጥ መምጣት አለበት።

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል። ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ከተሰራጨ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በሌላ በኩል ጸሐፊው እውነቱን ለማጣራት ተገቢውን ጥረት ካደረገ አዋጁ ከግምት ያስገባለታል። ደብተር ያዙ ብዬ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው። ጥረታችሁን የሚያሳየው ቀንና ሰዓት ያለበት ደብተር ነው።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ አለ። ስሜ ጠፋ የሚል ሰው አቤት ካለ በዚህም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

## ደረጃ 1፦ ጉዳዩን አጥብቡ

በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ቦታ፣ ነገር፣ ከመቼ ጀምሮ።

«የከተማችን አስተዳደር አልቻለም» ጉዳይ አይደለም፣ ምሬት ነው። «ቀበሌ 03 ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ቦኖ ከመስከረም 12 ጀምሮ ውሃ አላወጣም» ጉዳይ ነው። ሁለተኛውን ሰው ሄዶ ሊያየው ይችላል። መልስም ሊሰጥበት ይችላል።

በአንድ ዓረፍተ ነገር አልገባ ካለ ሁለት ጉዳይ ይዛችኋል ማለት ነው። አንዱን ለሌላ ሳምንት አቆዩት።

## ደረጃ 2፦ ሄዳችሁ እዩ

ሰምታችሁ አትጻፉ። ቦኖው ጋ በተለያየ ሰዓት ሂዱ፤ ጎህ ሲቀድ፣ ቀትር ላይ፣ ሲመሽ። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ አንድ ጊዜ ሄዶ «ውሃ የለም» ማለት ያሳፍራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መጥቶ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በዓይናችሁ ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ። የጄሪካን ሰልፉን ቁጠሩ። ቀረብ ብላችሁ እዩት፦ ባለቤቶቹ ቤት ገብተው ጄሪካኑ ብቻ ተራ ይጠብቃል፣ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል፣ የሌላው ክዳን ጠፍቶ በበቆሎ ቆረቆንዳ ተወትፏል፣ ጄሪካን ያላመጣ ሰው ቦታ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። «ሕዝቡ እየተሰቃየ ነው» ከሚል አንድ ገጽ ያ ቆረቆንዳ ይበልጣል።

ሲበላሽ፦ የደረሳችሁ ቀን ውሃ መጥቶ ካገኛችሁት አትናደዱ፣ ጻፉት። ስንት ሰዓት እንደመጣና ስንት ሰዓት እንደሄደ ያዙ። «በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ይመጣል» ማለት «ጭራሽ የለም» ከማለት የበለጠ ይታመናል፣ እውነትም ነው።

## ደረጃ 3፦ ሰው ጠይቁ

ሰላምታ አትዝለሉ። ጎጃም ውስጥ «እንደምን አደራችሁ» ሳይል ደብተር የሚያወጣ ሰው የቀበሌ መዝጋቢ ነው የሚመስለው። ስማችሁንና የማን ልጅ እንደሆናችሁ ተናገሩ፣ ለምን እንደምትጠይቁ ግለጹ። ከዚያ፦

«እማማ፣ ከስንት ሰዓት ጀምረው ነው የሚጠብቁት?»

«ተስፋ ቆርጠዋል አይደል?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱን አፋቸው ላይ አስቀምጣችሁ ነው የምትሄዱት። አጭር ጠይቁና ዝም በሉ። ቀሪውን እሳቸው ይናገሩታል።

የነገሯችሁን ከመጻፋችሁ በፊት «ይህን ብጽፈው ችግር አለው? ስምዎትን ላንሳ?» በሉ። እሺ ቢሏችሁም አስቡበት። ዛሬ ተናደው እሺ ያሉ ነገ የቀበሌ መታወቂያ ለማሳደስ ቢሮ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ስም ደብቆ ሰውየውን አለመደበቅ። «ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጠላ የሚሸጡ የሦስት ልጆች እናት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደሆኑ ያውቃል። ትንሽ ከተማ ውስጥ ስም ማለት አንድ ቃል ብቻ አይደለም፣ ወፍጮ ቤቱም ጠላውም ስማቸው ነው። «ቦኖው ጋ ያገኘኋቸው አንዲት እናት» ይበቃል።

በትንሹ ሦስት ሰው ጠይቁ። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ሰዎች ከሆኑ አንድ ብላችሁ ቁጠሯቸው። አንዱ ነገሩ የማይመለከተው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለምሳሌ መንገድ ዳር ያለ ባለሱቅ። ጥቅምም ጉዳትም ስለሌለው ቀኑን ሳያጋንን ይነግራችኋል።

## ደረጃ 4፦ ሌላ ምክንያት ፈልጉ

ይህን ደረጃ ዘለው ነው አብዛኞቹ የሚወድቁት።

ውሃ የጠፋው ማን ስለበላው ነው ከማለታችሁ በፊት፣ ማንም ሳይበላው ሊጠፋ የሚችልባቸውን መንገዶች ዘርዝሩ። ፓምፑ በመብራት ነው የሚሠራው? እንግዲያው መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይቆማል፣ ጥያቄውም ለሁለት መሥሪያ ቤት ነው መቅረብ ያለበት። ለአንዱ ብቻ ካቀረባችሁ ወደ ሌላው ይገፋችሁና ስትመላለሱ ትከርማላችሁ። መንገድ ሲቆፈር መስመር ተቆርጧል? የታችኛው ሰፈር እየደረሰው የላይኛው የቀረ ከሆነ የግፊት ማነስ ሊሆን ይችላል።

ቢል ሌላው ነው። «ውሃ ሳንጠቀም ክፈሉ ተባልን» የሚል ቅሬታ ሁልጊዜ ይመጣል። ሰዎቹ አልዋሹም። ግን ደግሞ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ ቧንቧው ውስጥ የነበረው አየር እየተገፋ ይወጣል፣ አየሩም ቆጣሪውን ያሽከረክረዋል። ይህን የምታውቁ ከሆነ የምትጽፉት «ዘረፉን» ሳይሆን «ቆጣሪው አየር እየቆጠረ ሊሆን ይችላል፣ ጽ/ቤቱ አጣርቶ ያስተካክል ይሆን?» የሚል ይሆናል። ለሁለተኛው ጥያቄ የሚከሳችሁ የለም። መልስ ሳይሰጥ ዝም የሚል ኃላፊ ደግሞ ሰው ፊት ይከብደዋል።

አሁን ወረቀት ሰብስቡ። የሁለትና የሦስት ወር ቢል፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ የፈረቃ ፕሮግራም፣ ነዋሪው ቀድሞ ያስገባው ደብዳቤ ካለ ግልባጩ። የቢል ፎቶ ስትይዙ የደንበኛው ስምና ቁጥር ይሸፈን።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቢሮ ውስጥ ተሰርቆ የመጣ ሰነድ ቢሰጧችሁ አትቀበሉ። የሰጣችሁን ሠራተኛ ታስበላላችሁ፣ ራሳችሁም ትገባላችሁ። በሰነዱ ውስጥ ያለውን ነገር በደብዳቤ ጠይቁ። መኖሩን ካወቃችሁ ጥያቄውን በትክክል ማቅረብ አያቅታችሁም።

## ደረጃ 5፦ ቢሮውን በደብዳቤ ጠይቁ

በቃል የጠየቀ ሰው በቃል ይሸኛል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

> ለ______ ከተማ ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽ/ቤት
>
> ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ
>
> የቀበሌ 03 ነዋሪ ነኝ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የሚከተሉትን እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
> 1. ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ቦኖ ከመስከረም 12 ጀምሮ ያልሠራበት ምክንያት ምንድን ነው?
> 2. መቼ ይጠገናል?
> 3. እስከዚያ ለነዋሪው የታሰበ አማራጭ አለ?
>
> መልሱን ከጥያቄዬ ጋር አትሜ ለነዋሪው ለማሳወቅ አስቤያለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር

ሦስት ጥያቄ፣ ከዚያ አይብዛ። አሥር ጥያቄ ከጻፋችሁ ቀላሉን መልሰው ከባዱን ይተውታል።

ሁለት ቅጂ አትሙ። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፣ ሌላው ቀሪ ነው። ቀሪው ላይ የገባበትን ቀንና ቁጥር አስጽፉ፣ አስፈርሙ፣ ማኅተም ካለም አስመቱ። ይህ ቀሪ በኋላ ከፖስቱ ይበልጥ ይጠቅማችኋል። ስልካችሁ ላይ ፎቶውን አንሱና ለአንድ ለምታምኑት ሰው ላኩት።

ሲበላሽ፦

*«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።»* ይህን ያልተባለ ኢትዮጵያዊ ካለ እጄን ሰጠሁ። ኃላፊውን አትጠብቁ። ደብዳቤ የሚቀበለው መዝገብ ቤቱ ነው፣ ኃላፊው ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ቢሆኑ መዝገብ ቤቱ አልተዘጋም።

*«አልቀበልም።»* አትጨቃጨቁ። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባላችሁትን ደብተር ላይ አስፍሩ፤ አብሯችሁ የሄደ ሰው ካለ እሱም ይፈርም። ከዚያ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚሄድ ደብዳቤ) ላኩት። ደረሰኙን ያዙ። ከአሁን በኋላ «አልደረሰንም» የሚባል ነገር የለም።

*«ማን ፈቀደልህ? ጋዜጠኛ ነህ?»* ካልሆናችሁ ነኝ አትበሉ። ረጋ ብላችሁ «አይደለሁም፣ ነዋሪ ነኝ። የፈለግሁት የእናንተን መልስ ነው፣ አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆንብኝ ብዬ» በሉ። ድምፅ ከፍ ካለ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላችሁ ውጡ። ቢሮ ውስጥ በድብቅ አትቅረጹ። አንድ ደቂቃ የድምፅ ቅጂ ብላችሁ የያዛችሁትን ሁሉ ታበላሻላችሁ።

*ዝም ከተባላችሁ።* 30 ቀኑ የሕጉ ገደብ ነው። ሰው የሚጠጣው አጥቶ ግን ወር ሙሉ መጠበቅ የለባችሁም። አንድ ሳምንት ስጡ፣ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ አስታውሱ፣ ከዚያ «በዚህ ቀን ደብዳቤ አስገብቼ ነበር፣ ይህን እስከጻፍኩበት ድረስ መልስ አላገኘሁም» ብላችሁ ጻፉ። ከስድብ ሁሉ የሚያመው ይህ ነው፣ አንድም መጥፎ ቃል የለበትም። 30 ቀን አልፎም ዝም ካሉ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው። የመረጃ መጠየቂያውን አዋጅ (590/2000) አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ስለሆነ ቀሪውን ይዛችሁ ሂዱ።

## ደረጃ 6፦ ጻፉት

ቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ምን እንደቆመና ከመቼ ጀምሮ። ቀጥሎ ያያችሁት። ቀጥሎ ሰዎቹ ያሉት። ቀጥሎ ቢሮው ያለው ወይም አለመመለሱ። በመጨረሻ የምትጠይቁት። ታሪክ አትጀምሩ። «ውሃ ሕይወት ነው» ብላችሁም አትክፈቱ፣ የተጠማ ሰው ያውቀዋል።

ርዝመቱ። ከ250 ቃል አይብለጥ። ፖስታችሁን ሁሉም በየስልኩ የሚያነብ አይምሰላችሁ። ዳታ ያለው አንድ ልጅ ጸጉር ቤት ወይም ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ያዳምጣል። ስለዚህ ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት። ትንፋሽ ያሳጠራችሁ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ይከፈል።

ስም። መጀመሪያ ጽ/ቤቱን ጥሩ፣ ሰውየውን አይደለም። የኃላፊው ስም የሚያስፈልገው ራሱ መልስ ሲሰጥ ወይም በይፋ የወሰነው ነገር ሲኖር ነው። ስለ ሚስቱ፣ ስለሚሠራው ቤት፣ ስለመጣበት ወረዳ አንድም ቃል አይግባ። ሌላ ማስረጃ ከሌላችሁ «ሰረቀ»፣ «ሸጠው»፣ «በላው» የሚሉ ቃላትን ከፖስቱ አውጡ። ካላችሁም ቦታው ፖስት ሳይሆን ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ነው።

ቅኔውን ተዉት። ይሄ ለእኛ ለጎጃሞች ከባዱ ነው። የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ጎንጅ ያሉበት አገር ነው፣ ነገርን በሰምና ወርቅ ማለፍ ከልጅነታችን የተማርነው ነው። ብዙ ሰውም እንዲህ ብጽፍ ማንም አይይዘኝም ብሎ ያስባል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። «አንዳንዱ ጓሮውን በውሃ ሲያጠግብ ድሃው ጤዛ ይልሳል» ብላችሁ ስትጽፉ ሦስት ኃላፊዎች በየቤታቸው «እኔን ነው» ይላሉ። አንባቢውም የራሱን ሰው ይሰይማል፣ ኮሜንት ላይ ይጽፈዋል። ወርቁን ሌላ ሰው ይፈታላችኋል፣ እናንተ ግን ያላላችሁትን «አላልኩም» ስትሉ ትውላላችሁ። «ቦኖው ቆሟል፣ መቼ ይጠገናል?» የሚለው ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። አሽሙርም እንዲሁ ነው፣ ይጣፍጣል እንጂ አይጠቅምም።

ሁለቱን አስተያዩ፦

*አይሆንም፦* «የውሃ ሌቦች ሕዝቡን በጥም እየፈጁት ነው!!! ይህን ሼር ያላደረገ የነሱ ተባባሪ ነው!!!»

*ይሆናል፦* «መስከረም 20 ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦኖው ጋ 41 ጄሪካን ተሰልፎ ነበር። እስከ 5 ሰዓት ቆየሁ፣ ውሃ አልመጣም። ያነጋገርኳቸው አንዲት እናት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ እንደሚጠብቁ ነገሩኝ። ለጽ/ቤቱ መስከረም 21 ደብዳቤ አስገብቻለሁ። ኃላፊው መስከረም 25 በስልክ እንዳሉኝ ፓምፑ ተበላሽቶ መለዋወጫ እየተጠበቀ ነው። የሚመጣበትን ቀን አልነገሩኝም። የምጠይቀው ቀኑን ነው።»

ሁለተኛው ቀዝቃዛ ይመስላል። ግን የትኛውን መስመር ነው ሐሰት የሚሉት?

## ደረጃ 7፦ ፎቶ

ቦኖውንና ጄሪካኑን አንሱ፣ ሰው ካለ ከጀርባ። የልጆች ፊት አይታይ። ከኋላ ታርጋ፣ ታፔላ፣ የታጠቀ ሰው ወይም የወታደር መኪና ገብቶ እንደሆነ አጉልታችሁ እዩ። ካለ ጣሉትና ሌላ አንሱ።

ካሜራው ላይ የቦታ መመዝገቢያውን አጥፉ። ቴሌግራም ላይ ፎቶን እንደ ፎቶ ስትልኩ የቦታው መረጃ ይወጣለታል፣ እንደ ፋይል ስትልኩት ግን አብሮ ይሄዳል። የሰው ቤት ደጃፍ ላይ የተነሳ ከሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የሌላ ከተማ ወይም የዱሮ ፎቶ በጭራሽ። አንድ የተውሶ ፎቶ ከተገኘባችሁ ጽሑፉ በሙሉ ውሸት ይባላል፣ አንድም ሰው ደብተራችሁን አያይላችሁም።

## ደረጃ 8፦ አስነብቡ

ሁለት ሰው ይበቃል። አንዱ በነገሩ የማይስማማችሁ ይሁን፣ ቢቻል የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ወይም የሆነ። «የቱ ጋ ትከሰኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የጠቆማችሁን መስመር ወይ በማስረጃ አጠንክሩ ወይ አውጡ።

## ደረጃ 9፦ ልቀቁት

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ። ቢሮ ክፍት ነው፣ ኃላፊው ያነበዋል፣ በዚያው ቀን ሊመልስ ይችላል። ዓርብ ማታ አትልቀቁ። የበዓል ዋዜማም አይሆንም። ማታ የተለቀቀ ፖስት ሌሊቱን ሙሉ እናንተ ተኝታችሁ ሌላው ሲሰዳደብበት ያድራል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ጽሑፉን ለጽ/ቤቱ ላኩት። «ነገ ጠዋት ይወጣል፣ የሚስተካከል ካለ ንገሩኝ።» ፈቃድ መጠየቅ አይደለም ይህ። ብዙ ጊዜ ለደብዳቤው ያልመጣው መልስ በዚህች ሌሊት ይመጣል።

«ሼር ያላደረገ» አትበሉ። ከተማው ውስጥ ያሉ ሁለት የታወቁ ግሩፖች ይበቃሉ።

ኔትወርክ ከሌለ፦ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር የምንረሳው አይደለም። ጽሑፉን በወረቀት አትማችሁ ያዙ። ለዕድሩ ሊቀመንበር ስጡና በስብሰባው ቀን ያንብቡት፣ ግልባጩንም ከአባላቱ ፊርማ ጋር ለከተማ አስተዳደሩ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ከፖስት ይልቅ ይፈጥናል፤ ኃላፊውም የአንዱ ዕድር አባል ነውና።

## ደረጃ 10፦ ከወጣ በኋላ

ኮሜንት። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ሰዓታት ስልኩን አትልቀቁ። ብሔርን፣ ሃይማኖትን ወይም የአንድን ሰው ቤተሰብ የሚነካ ኮሜንት ሲመጣ ስክሪንሾት አንሱና አጥፉት። «አስተያየቱ ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ ገጹ የእናንተ ነው። በቦኖ ጀምሮ በዘር የሚጨርስ ክርክር ስታዩ ኮሜንቱን ዝጉት፣ አታመንቱ።

ስህተት ካለ። ፖስቱን አታጥፉ። ከላይ «ማስተካከያ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፣ የተሳሳተውንና ትክክለኛውን አስቀምጡ። ዝም ብሎ መቀየር የለም፣ ስክሪንሾት ያነሳ ሰው አይጠፋም።

ሽማግሌ ከተላከ። ይሄ እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ አትደንግጡም አትኩሩም። ከፍ ብላችሁ ተቀበሉ፣ አስቀምጡ፣ ቡና ካለ ይፈላ። አባቶች ተናግረው እስኪጨርሱ አታቋርጡ። ከዚያ ቀሪውን አሳዩ። «አባቶቼ፣ ውሸት የሆነችውን አንዲት መስመር ያሳዩኝና አሁን እዚሁ ላስተካክላት። እውነት የሆነችውን ግን ላጥፋት አልችልም። የኃላፊውን መልስ ግን ቃል ሳልቀንስ በዚያው ገጽ አወጣዋለሁ።» አብዛኛው ጊዜ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው መልሱን ይዘው ይመጣሉ። ሰው ተቀይሞ ከሆነ በሰውነቱ ይቅርታ መጠየቅ ነውር የለውም። ቦኖው መቆሙን ግን በይቅርታው ውስጥ አትጠቅልሉት።

ከተጠራችሁ። በስልክ «ና» ቢባል፣ «ማን ልበል? ለምን ጉዳይ? የጽሑፍ መጥሪያ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተባለውን ደብተር ላይ አስፍሩ። ለመሄድ ከወሰናችሁ ለቤተሰብ የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ተናገሩ። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ሕግ የሚያውቅ ወይም በከተማው የተከበረ ሰው አብሮ ይሂድ። የቀሪውን ፎቶ ኮፒ ያዙ። ዋናውና ደብተሩ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጡ።

ከተያዛችሁ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዛችሁበትን ምክንያት በሚገባችሁ ቋንቋ የማወቅ፣ ያለመናገር እና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ይሰጣችኋል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብና ጠበቃ እንዲጎበኟችሁ ይፈቅዳል። ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ወረቀት ላይ ያለውና በሩ ላይ የሚገጥማችሁ አንድ ላይሆን ይችላል፣ ይህን እያወቅን ነው የምናወራው። ስለዚህ ቤተሰብ ወዲያው ለጠበቃ እና ባሕር ዳር ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጽ/ቤት ማሳወቅ እንዳለበት ቀድማችሁ ንገሩት፣ ስልክ ቁጥሮቹንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልካችሁ ከእናንተ ጋር ሊያዝ ይችላል።

ዛቻው ወደ ልጆቻችሁ ወይም ወደ እናታችሁ ከዞረ ፖስቱን አንሱት። ቅጂው ሌላ ሰው ጋ አለ፣ ቀሪው አለ፣ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቷል። ጉዳዩን በእንባ ጠባቂ በኩል መቀጠል ትችላላችሁ። ለቦኖ ብሎ ቤተሰብ የሚያስደበድብ ሰው ጀግና አይባልም።

ውሃው ከመጣ። ቅሬታው በወጣበት ገጽ፣ በዚያው ርዝመት ባይሆንም በዚያው ግልጽነት «ጥቅምት 8 ቀን ቦኖው ሥራ ጀምሯል» ብላችሁ ጻፉ። የጠገነውን ባለሙያ አመስግኑ፣ ፈቃደኛ ከሆነ በስሙ። ይህን የማያደርግ ጸሐፊ ለሁለተኛው ጉዳይ ሲሄድ መዝገብ ቤቱ ፊቱን ያጠቁርበታል፣ ትክክልም ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ጎህ ሲቀድ ሂዱና ሰልፉን ቁጠሩ። ካለ፣ አዲስ ደብዳቤ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ጠቅሳችሁ።